መንቀጥቀጥ ሌላ፣ መወራጨት ሌላ፦ ስለ ፓርኪንሰን መድኃኒት የሚነገሩ ስሕተቶች

ደብረ ብርሃን የማውቃቸው አንድ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አዛውንት ጠዋት ክኒናቸውን ሳይውጡ ጋቢያቸውን እንኳ ራሳቸው መደረብ አይችሉም። ከዋጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን እጃቸው ተፍታቶ ሲኒ ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ አንገታቸውና ትከሻቸው ያለ ፈቃዳቸው እየተጠማዘዘ ያው ጋቢ ደጋግሞ ይንሸራተትባቸዋል። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ልክ አይደለም።

«በሽታው ብሶ መንቀጥቀጡ ጨመረ።»

የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ባብዛኛው እጅ ጭን ላይ ባረፈበት ጊዜ የሚታይ፣ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚመላለስ ወጥ ምት ያለው ነው። ዲስካይኔዥያ የሚባለው ግን ምት የሌለው መወራጨት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓ በደም ውስጥ ከፍ ባለበት፣ ሰውየው ከመገተር በተላቀቀበት ሰዓት ነው።

«ሌቮዶፓ አንጎልን ስለሚመርዝ፣ አዘግይቶ መጀመር ይሻላል።»

ከሁሉም የሚጎዳው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። መወራጨቱ የሚመጣው ከመመረዝ ሳይሆን ከዶፓሚን መዋዠቅ ነው። በፓርኪንሰን የሚያልቁት ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት ናቸው፤ በጤናቸው ጊዜ ዶፓሚኑን አከማችተው በልክ ይለቃሉ፣ የተረፈውንም መልሰው ይሰበስባሉ። ሌቮዶፓ አንጎል ገብቶ ወደ ዶፓሚን ቢለወጥም፣ ጎተራው ስለፈረሰ ሥራውን በከፊል የሚይዙት ሴሮቶኒን የተባለ ሌላ መልእክት አስተላላፊ የሚያመርቱ ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ መልቀቁን እንጂ መመጠኑን አያውቁበትም። አንጎል ሳይደርስ እንዳይባክን ከሚረዳው ካርቢዶፓ ጋር ሲወሰድ እንኳ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ዶፓሚኑ እንደ ደብረ ብርሃኑ ወንዝ እንደ በሬሳ አንዴ ሞልቶ አንዴ ይጎድላል።

ይህ ሙላት የሚያርፈው ስትራያተም በሚባለው የአንጎል ክፍል ላይ ነው። እዚያ አንዱ የሕዋሳት ወገን እንቅስቃሴን ይፈቅዳል፣ ሌላው ይገታል፤ ዶፓሚን የመጀመሪያውን ያነቃቃል፣ ሁለተኛውን ያረግባል። ዶፓሚን ሲጠፋ ገቺው ይበረታና ሰውነት ይገተራል፤ ሲጥለቀለቅ ደግሞ ፈቃጁ ከልክ ያልፋል፣ ገቺውም ዝም ይላል። በ2018 እ.ኤ.አ. በአይጦች አንጎል ውስጥ የእነዚህን ሕዋሳት እንቅስቃሴ በቀጥታ የተከታተለ ጥናት ይህንኑ ግልብጥብጥ አሳይቷል።

ማዘግየቱንስ በተመለከተ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የጋናና የጣሊያን ሕሙማን ንጽጽር አለ፤ ጋናውያኑ መድኃኒቱን የጀመሩት ዘግይተው ቢሆንም፣ መወራጨቱ የመጣባቸው በሽታው ከጀመረ ተመሳሳይ ዕድሜ ሲሞላው ነበር። የመወራጨቱን መምጣት የሚወስኑት የበሽታው ዕድሜና የሚወሰደው መጠን ናቸው፤ የዘገየው ያተረፈው ነገር ቢኖር ተገትሮ ያሳለፋቸውን ዓመታት ነው።

«እሸት ባቄላ መድኃኒቱን ይተካል።»

ባቄላ በእርግጥ ሌቮዶፓ አለው፤ ለደገኛ ሰው ደስ የሚል ወሬ ነው። ነገር ግን መጠኑ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ ይለያያል፣ እንደ ክኒኑ የተመጠነ ካርቢዶፓም የለውም። በክኒን ላይ ተደርቦ በብዛት ከተበላ መወራጨቱን ሊያባብስ ይችላል።

«ልክፍት ስለሆነ፣ ጸበሉ እስኪያልቅ መድኃኒቱ ይቁም።»

ሸንኮራ ዮሐንስ መሄድን የሚከለክል የለም፤ ክኒኑ ግን አብሮ ይሂድ። ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳትና ብርቱ መገተር አስከትሎ ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

«መወራጨቱ ከመጣ ወዲያ ምንም አይደረግለትም።»

ሐኪሙ በአንድ ጊዜ የሚወሰደውን መጠን አሳንሶ ሰዓቱን ሊያቀራርብ፣ መወራጨትን የሚቀንሰውን አማንታዲን ሊጨምር፣ ለአንዳንዱም የአንጎል ቀዶ ሕክምናን ሊያስብ ይችላል፤ ቀላል መወራጨት ደግሞ ሕመምተኛውን ካላስቸገረ ሊተውም ይችላል። ለዚህ ውሳኔ ሰዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የአዛውንቱ የልጅ ልጅ አሁን በደብተሯ ትመዘግባለች፦ «1 ሰዓት ክኒን። 2 ሰዓት ጋቢ ወደቀ። 3 ሰዓት ተኩል ተረጋጉ። 4 ሰዓት ተኩል እግራቸው ከበደ።»