የቤት ሙዚቃ ሰርቨር ምንድን ነው?

የቤት ሙዚቃ ሰርቨር ማለት ያለንን ሙዚቃ በሙሉ በአንድ ቦታ ይዞ፣ ቤት ውስጥ ላለ ማጫወቻ ሁሉ የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። ጎተራ ነው ብንል አንሳሳትም። እህሉ ጎተራ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚፈጨውና የሚጋገረው ሌላ ቦታ ነው። ሰርቨሩም በራሱ ድምፅ አያወጣም፤ ድምፁን የሚያወጡት ማጫወቻው፣ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ናቸው።

የምኖረው የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእኔ ጎተራ መዳፍ የምታክል ራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተርና አንድ ቴራባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ናት። ናቪድሮም የሚባል፣ ሙዚቃውን ለማጫወቻዎች የሚያቀብል ነፃ ፕሮግራም ጭኜባታለሁ። ዘፈን የምመርጠው በስልኬ ነው። ስልኩ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው በቤቱ ራውተር በኩል ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሙዚቃው አይቋረጥም። ከከተማው ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ፍላሽ አይበቃም ወይ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለመኪና ይበቃል። ጥሩ ድምፅ ለሚፈልግ ግን ዋናው ጥያቄ ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል ከየት መጣ የሚለው ነው። ሲዲ ድምፅን በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይመዘግባል፤ ቢት የኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መለኪያ ናት፣ ኪሎቢት ደግሞ ሺህ ቢት ነው። ግራና ቀኙ ሲደመር በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ያህል ይሆናል። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ከዚህ የሚይዘው አንድ አሥራ አንደኛውን ነው። ቀሪው የሚጣለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ጆሮ አያስተውለውም ብሎ የገመተውን መርጦ ይጥላል፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይሰምርለታል። በ320 ኪሎቢት የተሠራን ኤምፒ3 ከሲዲው ለመለየት እኔም እቸገራለሁ።

ክፉኛ የተጨመቀው ግን በገና ላይ ይጋለጣል። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሮቹ በርኩማው ላይ፣ ማለትም ደግፎ በሚይዛቸው ድልድይ ላይ፣ በሚያርፉበት ቦታ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይደረጋሉ፤ ያ ደረት ውስጥ የሚገባው ንዝረት የሚመጣው ከእነሱ ነው። ንዝረቱ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ የተዘረጋ ስለሆነ በጥቂት ቢት ለመጨመቅ ያስቸግራል። በ128 ኪሎቢት ስሰማው አውታሩ ሲመታ ያለው ጥርት ያለ ጅማሬ ይደበዝዛል፣ ንዝረቱም ውኃ ውስጥ እንደገባ ይሆናል።

መፍትሔው ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነና ለማንም ክፍት የሆነ። ፍላክ እንደ ታጠፈ ጋቢ ነው፦ ቦታ ይቆጥባል፣ ሲዘረጋ ግን አንዲት ክር አትጎድልም። የአንድ ሰዓት ሲዲ ሳይታጠፍ 635 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ በፍላክ ብዙውን ጊዜ ወደ 400 ሜጋባይት አካባቢ ይወርዳል። አንድ ቴራባይት ዲስክ እንዲህ ያለ ሲዲ ከሁለት ሺህ በላይ ይይዛል። ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ መቀየር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ በመቀስ የተቆረጠ ጋቢ ተጣጥፎ ስለተቀመጠ ሙሉ አይሆንም።

ለእኛ ትልቁ ሥራ ካሴት ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ሙዚቃ አሳታሚ ሲያቋቁም ዘመኑ የሸክላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሙዚቃችን በካሴት ኖሯል፣ ካሴት ደግሞ በየዓመቱ እየደከመ ይሄዳል። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ ስልሳ ደቂቃ መቀመጥ ግድ ነው፣ አቋራጭ የለውም። የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ መጥረግ፣ በ24 ቢት መቅዳት፣ መለኪያውም ቀዩን እንዳይነካ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀዩን ካለፈ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ በኋላም አይጠገንም።

ቀጥሎ ስም መጻፍ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ፊደላችን ይፈትነናል። ለእኛ «ጥላሁን ገሠሠ»ና «ጥላሁን ገሰሰ» አንድ ሰው ነው። ለሰርቨሩ ሁለት ዘፋኞች ናቸው፣ ምክንያቱም ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ዓለማየሁ»ና «አለማየሁ»፣ «ማሕሙድ»ና «ማህሙድ» እንዲሁ። በላቲን ፊደል የተጻፈው ሲጨመር አንዱ ሰው አራት ቦታ ይበታተናል። እኔ አንድ ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ዘፋኝ ስም አንድ አጻጻፍ ወስኜ፣ ሁሉንም በዚያ አስተካከልሁ። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር ወይም በአውሮፓውያኑ ብሎ አስቀድሞ መወሰን ይበጃል፤ ከተቀላቀለ የሰባትና የስምንት ዓመት መዛነፍ ይመጣል።

በዚህ ሥራ ሁለት ሳምንት ከደከምሁ በኋላ አንድ ምሽት ፋይል እየተገለበጠ ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ኮምፒውተሯ አልነሳም አለች፤ ፕሮግራሙና የስሙ ዝርዝር ያለበት ትንሿ ሜሞሪ ካርድ ተበላሽታ ነበር። ያን ቀን እጅግ አዘንሁ። ስለዚህ ከስፒከር በፊት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ይገዛ እላለሁ። ትንሿ ኮምፒውተር የምትፈጀው ጥቂት ዋት ስለሆነ ተራ የቢሮ ዩፒኤስ እሷንና ራውተሩን በደንብ ያቆያል። ሁለተኛ ቅጂም የግድ ነው፤ የእኔ ሁለተኛ ዲስክ ሰበታ እኅቴ ቤት ተቀምጧል።

ስለ ዳክ ብዙ አልልም። ቁጥሩን ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀይር ዕቃ ነው፤ ርካሽ የሚባለውም ዛሬ በቂ ነው። ገንዘብ ካለ ለስፒከር ይዋል። ከዚያ ደግሞ ክፍሉ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን የብሎኬት ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ስላለው ድምፅ እየተላተመ ይመለሳል። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ሲገባ፣ ስፒከሮቹም ከማዕዘኑ ወደ ፊት ሲሳቡ ልዩነቱን ልጆች እንኳ ያውቁታል።

ሥር ቤት ያሉት ጋሼ አንድ ቅዳሜ ቡና ጠጥተን ሳለ በገና ከፈትሁላቸው። «ምነው ልጄ፣ ሰውዬው እዚህ ነው እንዴ ያለው?» ብለው ወደ ስፒከሩ ዞሩ። ሲያልቅ ድገምልኝ አሉኝ፣ ደገምሁላቸው። በማግሥቱ በፌስታል አሥራ ሁለት ካሴት ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ ይህ ጊዜ ይወስዳል» አልኋቸው። ከመጀመሪያው ካሴት ክሩ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር። በቢክ እስክርቢቶ ቀስ እያሉ ራሳቸው አጠነጠኑት።