«አገልጋይ ብቻ ነበረች»፦ የፌቤን ዲያቆንነት ምን ማለት ነው?

«ፌቤን እኮ አገልጋይ ብቻ ነበረች።» ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ስለሚጠራት ስለዚህች ሴት የሚባለውን ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት መቁጠር ትቻለሁ። ሰሞኑን በአስተያየት የጻፈልኝ ሰው ግን ትዕግሥቴን ጨረሰው፤ ከስሙ በፊት ያስቀመጠው ማዕረግ «አገልጋይ» የሚል ነበርና። ቃሉ ለእርሱ ሲሆን መድረክ ላይ የሚያቆም ክብር ነው፤ ለእርሷ ሲሆን ወንበር ከመደርደር አያልፍም።

የግሪኩ ቃል ዲያቆኖስ ነው። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 16፥1 ላይ ፌቤንን በክንክራኦስ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ዲያቆኖስ ይላታል። ክንክራኦስ የቆሮንቶስ ምሥራቃዊ ወደብ ናት። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ላይ «አገልጋይ» አለ፤ ፊልጵስዩስ 1፥1 ላይ ያንኑ ቃል «ዲያቆናት» ብሎ ተወው። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። የምወቅሰው ከትርጉም ምርጫ የማዕረግ ልዩነት የሚያወጣውን አንባቢ ነው። በዚያው መልእክት 13፥4 ላይ ሰይፍ የታጠቀው ባለ ሥልጣን የእግዚአብሔር ዲያቆኖስ ተብሏል። 15፥8 ላይ ክርስቶስ ራሱ የመገረዝ ዲያቆኖስ ነው። እነዚህን ሁለቱን «ብቻ» ብሎ ያለፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ጸሐፊ» የሚለውን ቃላችንን እንውሰድ። በቢሮ በር ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ የምትመዘግበው ጸሐፊ ናት፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊም ጸሐፊ ነው፤ ልብ ወለድ የሚደርሰውም እንዲሁ። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው አብሮት ከቆመው ቃል ነው፤ የማን ጸሐፊ? የምን ጸሐፊ? ለፌቤን ይህ «የማን» ተጽፎላታል፤ «የቤተ ክርስቲያን» ነው፣ ቤተ ክርስቲያኗም ከነአድራሻዋ ተጠቅሳለች። አሁን ከሺህ ዓመት በኋላ መዛግብታችንን የሚያገላብጥ ተመራማሪ ይምጣ። «የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ እገሌ» የሚለውን ሲያገኝ «ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ» ብሎ ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ገጽ «የማኅበሩ ጸሐፊ ወይዘሮ እገሊት» ሲል ደግሞ «ደብዳቤ ትተይብ የነበረች» ብሎ ያልፋል። ማኅተሙ አንድ፣ ወረቀቱ አንድ፣ ቃሉ አንድ። ይህን ተመራማሪ ማንም በሥራው ላይ አያቆየውም፤ ፌቤንን እንደዚሁ ያነበበውን ግን ሰባኪ እንለዋለን።

ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታ አለ። «ጸሐፊ» ዛሬ የታወቀ የሥራ መደብ ነው፤ በጳውሎስ ዘመን ዲያቆኖስ ገና ወደዚያ በማምራት ላይ ነበር። ጳጳስ፣ ቄስ፣ ዲያቆን የሚባለው የሦስት ደረጃ መሰላል ጥርት ብሎ የሚታየው በሁለተኛው መቶ ዓመት መባቻ በአንጾኪያው አግናጥዮስ መልእክቶች ነው። ስለዚህ ፌቤን የዛሬው ዲያቆን የሚለብሰውን ለብሳ ቆማ የሚያዩዋትም ይቸኩላሉ። ግን ይህ ጥንቃቄ ለሴት ብቻ የሚወጣ መለኪያ እንዳይሆን። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እስጢፋኖስንና ስድስቱን ባልደረቦቹን ዲያቆኖስ ብሎ አይጠራቸውም፤ ስለ አገልግሎቱ ይናገራል እንጂ ስሙን አይሰጣቸውም። በአዲስ ኪዳን በስም ተጠርቶ የአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆኖስ የተባለ ሰው ፌቤን ብቻ ናት። እስጢፋኖስን «ሊቀ ዲያቆናት» እያሉ ፌቤንን «አገልጋይ ብቻ» ማለት እንግዲህ ከየት የተገኘ ሚዛን እንደሆነ ባለቤቶቹ ይንገሩን።

አስተያየት ሰጪዬ አንድ ሌላ መውጫ ነበረው፤ «ዲያቆኒት ማለት የዲያቆን ሚስት ናት»። ይህ አባባል መነሻ አለው፤ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥11 ያለው የግሪክ ቃል «ሴቶች» ወይም «ሚስቶች» ሊሆን ይችላል። ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ይህንኑ ጥቅስ ሲተረጉም ስለ ሴቶች ሁሉ ሳይሆን የዲያቆንነት ማዕረግ ስላላቸው ሴቶች የተነገረ ነው ብሏል። ግሪክኛ አፉን የፈታበት ሰው ነው፤ በቁስጥንጥንያ ከነበሩት ወዳጆቹም አንዷ ዲያቆኒቷ ኦሎምፒያስ ነበረች። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ በ451 የተሰበሰበው የኬልቄዶን ጉባኤ 15ኛ ቀኖና ነው። (ጉባኤውን የማይቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ አውቃለሁ፤ የጠራሁት ለታሪክ ምስክርነት እንጂ ለሃይማኖት ሙግት አይደለም። ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀኖናው ሴት ከ40 ዓመት በፊት ዲያቆኒት ሆና እንዳትሾም ያዛል፤ ከተሾመች በኋላ ብታገባ ደግሞ እርሷም ያገባትም ይወገዛሉ ይላል። በማግባቷ የምትወገዝ ሴት ማዕረጓን በማግባት አላገኘችውም።

«እሺ፣ ሴቶችን በጥምቀት ጊዜ ዘይት ለመቀባት ብቻ ነበሩ።» ይህ «ብቻ» የሚሉት ቃል መቼም አያልቅም። እውነት ነው፣ አዋቂዎች ልብሳቸውን አውልቀው በሚጠመቁበትና መላ ሰውነታቸው በሚቀባበት ዘመን ሴት አገልጋይ የግድ ታስፈልግ ነበር። በሦስተኛው መቶ ዓመት በሶርያ አካባቢ የተዘጋጀው ዲድስቅልያ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ይህን ያዝዛል። ያው መጽሐፍ ግን ዲያቆኑን በክርስቶስ ምሳሌ፣ ዲያቆኒቷን በመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ አክብሩ ይላል። ምሳሌነቱን በሥነ መለኮት መመርመር የእኔ ሥራ አይደለም፤ ለዘይት ቀቢ የማይነገር ነገር መሆኑን ግን ማየት እችላለሁ። በ535 ንጉሥ ዩስጢንያኖስ የቁስጥንጥንያዋ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የአገልጋዮች ቁጥር ከልክ አልፎ ወጪ ቢያበዛባት ጣሪያ አበጀለት፤ 60 ቀሳውስት፣ 100 ወንዶች ዲያቆናት፣ 40 ሴቶች ዲያቆናት። ይህ ወጪ ለመቀነስ የወጣ ሕግ ነው፤ ለጌጥ የቆመ ሰው በእንደዚህ ዓይነቱ ዝርዝር ውስጥ አይተርፍም።

በሌላው ወገን ያሉትንም አላልፋቸውም። ዲያቆኒት ስለነበረች ቄስ ነበረች ማለት ዘለላ ነው፤ የጠራኋቸው ምንጮች ያን አይሉም። በዛሬዋ ቱርክ ወደምትገኘው ወደ ሮማውያኑ ግዛት ቢቲንያ አገረ ገዥ ሆኖ የተሾመው ፕሊኒ በ112 ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ሲጽፍ ሁለት ባሪያ ሴቶችን ማሰቃየቱን ይነግረዋል፤ ክርስቲያኖቹ በላቲኑ «ሚኒስትራ» (አገልጋይ) ይሏቸው ነበር። ቃሉ ዲያቆኖስን የሚተካ ይመስላል፣ ሆኖም ፕሊኒ የሰማውን በራሱ ቋንቋ መልሶ ስለጻፈ ከዚያ በላይ አልገፋም። የኒቅያ ጉባኤ 19ኛ ቀኖና ደግሞ እጅ ያልተጫነባቸውን አንዳንድ ዲያቆናውያት ከምእመናን ይቆጥራቸዋል። ይህ ከመናፍቃን ወገን ስለተመለሱት ብቻ ነው ወይስ ስለ ሁሉም? ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። በምዕራቡም በ441 የኦራንጅ ጉባኤ በጎል ምድር (በዛሬዋ ፈረንሳይ) ዲያቆኒት ጨርሶ እንዳትሾም ከልክሏል። ከልካዩ ሕግ መውጣቱ ራሱ በዚያ አገር ሲሾሙ እንደነበር ያሳብቃል።

ከሁሉ የሚማርከኝ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያለ፣ በስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተጻፈ የግሪክ የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ ባርበሪኒ 336 ይባላል። የዲያቆንና የዲያቆኒት ሹመት ሥርዓት አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ተጽፏል። ሁለቱም የሚሾሙት በመሠዊያው ፊት ነው፤ በሁለቱም ላይ ጳጳሱ እጁን ይጭናል። ወንዱ አንድ ጉልበቱን ያንበረክካል፤ ሴቷ አንገቷን ብቻ ዘንበል ታደርጋለች። የዲያቆን መለያ የሆነው የትከሻ ጨርቅ ለእርሷም ይሰጣታል፣ ግን ከመሸፈኛዋ ሥር በአንገቷ ላይ ይደረጋል። ከቈረበች በኋላ ጳጳሱ ጽዋውን ያቀብላታል፤ እርሷም ተቀብላ መልሳ መሠዊያው ላይ ታኖረዋለች፤ ወንዱ ግን ለሕዝብ ያቀብላል። ልዩነቱን የሚፈልግ ሰው እዚህ አለለት፣ አንድነቱን የሚፈልግም እንዲሁ። ጳጳሱ እጁን በራሷ ላይ እንደጫነ በሚያደርሰው ጸሎት ለፌቤን የዲያቆንነትን ጸጋ የሰጠውን ጌታ ይለምናል፤ ያንኑ ጸጋ ለዚህችም እንዲሰጣት።