የቤት ኮምፒውተር ዲስክ ማስለቀቅ በባህር ዳር

የዲስክ ቦታ ማስለቀቅ ማለት በኮምፒውተር ማከማቻ ላይ የተጠራቀሙ ፋይሎችን በመሰረዝ፣ ወደ ሌላ ቦታ በማዛወር ወይም መጠናቸውን በማሳነስ ማሽኑ እንደ ልቡ የሚሠራበትን ባዶ ቦታ መልሶ ማግኘት ነው። በባህር ዳር ሥራው ለጥገና ቤቶች የዘወትር እንጀራ፣ ለቤተሰብ ደግሞ በየጥቂት ወሩ የሚመለስ ጣጣ ነው። በጉዳዩ ላይ በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ማጣቀሻ ብዙም ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ከማይክሮሶፍት የእገዛ ገጾችና ከከተማዋ ጠጋኞች አሠራር ነው። ስለዚህም ስለ ዊንዶውስ ብዙ፣ ስለ ሌሎቹ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ጥቂት ይላል።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1956 በአይቢኤም ተሠርቶ የወጣ ሲሆን፣ በ50 ሳህኖቹ ላይ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚነሡ አንድ ሁለት ፎቶዎች ይሞሉታል።

የሚሞላበት ምክንያት

ባለቤቱ «ሲ ሞላብኝ» ብሎ ላፕቶፑን ሲያመጣ «ዲ» የተባለው ክፍል ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜ አንዱ ዲስክ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈልና ዊንዶውሱ ራሱ ለሚቀመጥበት ለሲ ጠበብ ያለ ድርሻ ይሰጠዋል። ልማዱ ሲጀመር ብልህነት ነበር፤ ሥርዓቱ በቫይረስ ሲበላሽ ሲ ብቻ ፎርማት ይደረግና (ያለው ሁሉ ተጠርጎ ለአዲስ ጭነት ይዘጋጅና) የባለቤቱ ፎቶና ሰነድ ዲ ላይ ይተርፋል። ዊንዶውስ ኤክስፒ 1.5 ጊጋባይት፣ ባለ64 ቢቱ ዊንዶውስ 7 ደግሞ 20 ጊጋባይት ይበቃቸው በነበረበት ዘመን ያ ድርሻ ሰፊ ነበር። ዊንዶውስ 11 ግን ገና ለመጫን በትንሹ ባለ64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። አከፋፈሉ በብዙ ቤት እንደ ድሮው ቀጥሏል። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ዳውንሎድስ የተባሉት አቃፊዎች አስቦ ያዛወራቸው ሰው ከሌለ የሚቀመጡት ሲ ላይ ነውና፣ የወረደው ሁሉ ወደ ጠባቡ ክፍል ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት ማከማቸት ነው፤ በዚህ የከተማውን ሰው መውቀስ ግን ተገቢ አይሆንም። ኢንተርኔት ነገም ይኖራል ብሎ የሚያምን ሰው ፊልሙንም መጽሐፉንም በፈለገ ጊዜ ከመረብ ላይ ያገኘዋል። በአማራ ክልል ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ፍላሽ ይዞ ሄዶ ፊልምና መዝሙር ማስጫን ከዚያ በፊትም የነበረ ልማድ ነው። አገልግሎቱ በጠፋበት ጊዜ ያልሰረዘ ሰው የተጠቀመበትን አጋጣሚ ያየ፣ «ይህን ሁሉ ለምን ታስቀምጣለህ» ተብሎ ቢመከር ጆሮ ባይሰጥ አይፈረድበትም።

ሦስተኛው ቪዲዮ ነው። አይፎን በ4ኬ ጥራት፣ በሰከንድ 30 ምስል ሲቀርጽ፣ በቁጠባ ቅርጹ እንኳ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ወደ 10 ጊጋባይት ይጠጋል። በ1080ፒ ጥራት ሲሆን በደቂቃ ወደ 60 ሜጋባይት ይወርዳል። ጥምቀትም ሠርግም የሚበዛው በጥር ነውና ከጥር በኋላ የቤተሰብ ኮምፒውተር ቢጨናነቅ አያስገርምም።

ተማሪዎች ግን በሌላ ነገር ይደክማሉ። በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የታረመ»፣ «አማካሪ ያየው» የሚሉ ፋይሎች በየዴስክቶፑ ይደረደራሉ። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዙት እነዚህ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ሁለት ሜጋባይት የሚመዝኑ 50 ረቂቆች ተሰርዘው ግን የአንድ ፊልም ሩብ ያህል ቦታ እንኳ አይገኝም፤ ይልቁንም አማካሪው ያረመው ምዕራፍ አብሮ ይጠፋል።

በዲስክ መጠን ላይ የሚነሣ ቅሬታም አለ። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛው ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 465፣ 1 ቴራባይት የተባለው 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ሻጩ አልዋሸም፤ አምራቹ በ1,000 እያባዛ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። ዋጋው በማይታመን ሁኔታ የረከሰ «2 ቴራባይት» ፍላሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ውስጣቸው ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ይዘው የሐሰት መጠን የሚያሳዩ ናቸው፤ ልክ ሲያልፍ ፋይሉ የተቀመጠ ይመስልና ሲከፈት ባዶ ይሆናል።

ከመሰረዝ በፊት መለካት

ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው ዓይኑ ያረፈበትን ነው፤ ቦታውን የያዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን የራቀው ነው። ዊንዲርስታትና ዊዝትሪ የተባሉት ፕሮግራሞች ዲስኩን አስሰው እያንዳንዱን አቃፊና ፋይል በመጠኑ ልክ በተሣሉ ባለቀለም ሣጥኖች ያሳያሉ። ለሦስት ዓመት የተረሳ የስልክ መጠባበቂያ ቅጂ ወይም ሁለት ጊዜ የተገለበጠ የሠርግ ቪዲዮ በዚህ መንገድ ወዲያው ይጋለጣል። አይፎንን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው አይቱንስ መጠባበቂያውን የሚያስቀምጠው ሲ ላይ፣ ሰው በማይገባበት አቃፊ ውስጥ መሆኑ መታወቅ አለበት።

የከተማዋ ጠጋኞች በዚህ በኩል በሙያ የሚታሙ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ከፔዳጎጂ አካዳሚው ጋር ተዋህዶ እ.ኤ.አ. በ2000 ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ግቢው ፖሊ መባሉን አልተወም። ከዚያ የወጡ ልጆች በከተማዋ የቴክኒክ ሙያ ላይ ያላቸው አሻራ ቀላል አይደለም ማለት ይቻላል። ጥሩ ጠጋኝ ምንም ሳይሰርዝ መጀመሪያ ይለካል፤ «ፎርማት ላድርገው» የሚለው ቃል ከአፉ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ዊንዶውስ 10 እና 11

ማይክሮሶፍት የሚመክረው መነሻ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያም «ስቶሬጅ» የሚለው ገጽ ነው። በዚያ ገጽ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለው ሲከፈት ያለ ጉዳት ሊሰረዙ የሚችሉት ከነመጠናቸው ይዘረዘራሉ፦ የቆዩ የማሻሻያ ፋይሎች፣ የቅርጫቱ ይዘት፣ ለቅድመ ዕይታ የተዘጋጁ ትንንሽ የምስል ቅጂዎች፣ እንዲሁም ዊንዶውስ ማሻሻያን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ለማካፈል ያስቀመጣቸው ቅጂዎች። ዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል ሣጥንም አለ። ይህ የባለቤቱ የራሱ አቃፊ እንጂ ጊዜያዊ ፋይል አይደለም፤ ሁሉንም ሣጥን በችኮላ ምልክት የሚያደርግ ሰው የደመወዝ ማስረጃውንና የልጁን የልደት ካርድ ቅጂ አብሮ ያጠፋል።

ከሁሉ በላይ ቦታ የሚመልሰው «ዊንዶውስ.ኦልድ» የሚባለው አቃፊ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማብቃቱ ወደ 11 የተሻገሩ ሰዎች የቀድሞው ሥርዓት ሙሉ በሙሉ በዚህ አቃፊ ተቀምጦ ያገኙታል፤ 10 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ መመለስ ለሚፈልግ ሰው የተተወ መውጫ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ራሱ ከ10 ቀን በኋላ ይሰርዘዋል። አዲሱ ሥርዓት በደንብ እየሠራ ከሆነ ቀደም ብሎ መሰረዝ ይቻላል፤ የሚሰረዘው ግን ከላይ በተጠቀሰው ገጽ በኩል ነው።

ፕሮግራሞች እየሠሩ የሚፈጥሯቸው ጊዜያዊ ፋይሎች የዊንዶውስና የአር ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው፣ በሚመጣው ሣጥን ላይ «ቴምፕ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል ሲጻፍ ይገኛሉ። በሥራ ላይ ያሉት አንሰረዝም ይላሉ፤ እነሱን ማለፍ ነው። «ስቶሬጅ ሴንስ» የተባለው አገልግሎት ሲበራ ይህን በየጊዜው በራሱ ይሠራል።

መነካት የሌለባቸውም አሉ። ዊንዶውስ አቃፊ ውስጥ ያለው፣ የሥርዓቱ ክፍሎች የሚቀመጡበት «ዊንኤስኤክስኤስ» ግዙፍ መስሎ ይታያል፤ አንዱ ፋይል በሁለት ቦታ ስለሚቆጠር እንጂ የእውነት መጠኑ ያነሰ ነው፤ በእጅ የሰረዘው ሰው ዊንዶውሱን እንደገና ይጭናል። ለኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ራም) አጋዥ የሆነውን «ፔጅፋይል» ማጥፋትም አይመከርም። ዊንዶውስ ለራሱ ማሻሻያ ብሎ የሚይዘው 7 ጊጋባይት አካባቢ ቦታም አለ፤ ይህ ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ የመጣ ነው።

አከራካሪ የሆኑ ነጥቦች

ሃይበርኔት የተባለው አገልግሎት ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የተከፈተውን ሥራ ሁሉ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ለዚህ የሚያዘው ፋይል በዊንዶውስ 10 እና 11 ከማስታወሻው መጠን 40 በመቶ ያህል ነው፤ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ 6.4 ጊጋባይት ይሆናል። አንዳንድ ጠጋኞች ቦታ ለማግኘት መጀመሪያ የሚያጠፉት ይህን ነው። ሌሎች ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ማጥፋት ተገቢ አይደለም ይላሉ፤ የላፕቶፕ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ያልተቀመጠውን ሥራ የሚያድነው እሱ ነውና። ሁለተኛው ወገን የተሻለ ምክንያት ያለው ይመስላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ግን መብራት በድንገት ሲሄድ ሃይበርኔት የሚደርስበት ጊዜ ስለሌለ አገልግሎቱ ቢጠፋ የሚታጣው ነገር ቢኖር ፈጣን አነሣሡ ነው።

የ«ማጽጃ» ፕሮግራሞች ጉዳይ ያን ያህል አያከራክርም። አብዛኞቹ የሚሠሩት ዊንዶውስ ራሱ የሚሠራውን ነው፤ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ማስተካከያዎች መዝገብ) ማጽዳት የሚሉት ደግሞ ይህ ነው የሚባል ቦታ አያስለቅቅም። ስመ ጥሩው ሲክሊነር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 የ5.33 ስሪቱ ውስጥ ተንኮለኛ ኮድ ተሰግስጎበት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ጋር ደርሷል። ዲፍራግም ቢሆን ፋይሎችን ያሰባስባል እንጂ ቦታ አይጨምርም።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ) ሲሞላ መንቀርፈፉ የታወቀ ነው፤ ምን ያህሉ ባዶ ይሁን በሚለው ላይ ግን ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሉ የተለያዩ ምክሮች አሉ።

ቴሌግራምና ፍላሽ

በዴስክቶፕ ቴሌግራም የሚወርደው ሁሉ ካልተቀየረ በስተቀር ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል አቃፊ ይጠራቀማል፤ ሲታዩ ብቻ የወረዱ ምስሎችና ቪዲዮዎች ደግሞ ለብቻቸው በድብቅ ይቀመጣሉ። የመጨረሻዎቹን «አድቫንስድ» በሚለው ምርጫ ሥር የአካባቢ ማከማቻን ማስተዳደሪያውን ከፍቶ ማጽዳትና የሚይዙትን ቦታ መገደብ ይቻላል። ከኮምፒውተሩ የተሰረዘው ፋይል ከቻናሉ ላይ አይጠፋም፤ የለጠፈው ሰው እስካላነሣው ድረስ እንደገና ይወርዳል። በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚፈቀድ ሙሉ ፊልም በአንድ ጊዜ መላላክ ቀላል ሆኗል፤ አንድ ፊልም በሦስት ቡድን ሲመጣም ሦስት ጊዜ መቀመጡ ቀላል ነው።

ሾርትከት ቫይረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚተላለፍ ነው። እውነተኛዎቹን ፋይሎች ይደብቅና በምትካቸው አቋራጭ ምልክት ያስቀምጣል። ባለቤቱ የጠፉ መስሎት እንደገና ይገለብጣል፤ የተደበቁት ግን ቦታቸውን እንደያዙ ናቸው። የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ኮምፒውተሩን ማዘዝ ሁለቱንም ቅጂ ያወጣል፤ ከዚያ በፊት ግን በጸረ ቫይረስ መፈተሽ ይቀድማል።

ማክና ሊኑክስ

በማክ ላይም «ስቶሬጅ» የሚል ተመሳሳይ ገጽ አለ፤ ሊኑክስ የሚጠቀሙት ጥቂቶች አብዛኛውን ጊዜ ጥገና ቤት አይመጡም።

ማስፋትና ማዛወር

ዲ ላይ ባዶ ቦታ እያለ ሲ የጠበበበት ሰው የሚቀለው መንገድ አቃፊዎቹን ማዛወር ነው። ዳውንሎድስ ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያም «ሎኬሽን» በሚለው ትር ወደ ዲ እንዲዛወር ሲታዘዝ፣ የነበረውም ወደፊት የሚወርደውም እዚያ ይገባል። ሲን ራሱን ማስፋት ይከብዳል። የዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ አንድን ክፍል የሚያሰፋው ከጎኑ በስተቀኝ ያልተመደበ ቦታ ሲኖር ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በመካከል የማገገሚያ ክፍል ይገባና መንገዱን ይዘጋል።

ወደ ውጭ ማከማቻ በሚዛወርበት ጊዜ ፍላሹ ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ይፈታዋል፤ ያለውን ግን ያጠፋል። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለሰነድ ይበቃል፤ የሠርግ ቪዲዮ ለመስቀል ግን ቦታውም የኢንተርኔቱ ፍጥነትም አይፈቅድም። የቤተሰብ ፎቶ ከኮምፒውተሩ ሊሰረዝ የሚገባው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መቀመጡ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ውጫዊ ዲስክም ይወድቃል።

ርካሹ ውጫዊ ዲስክ ከተበላሸ ላፕቶፕ የሚወጣው ነው። ባለ2.5 ኢንቹ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ገብቶ ከላፕቶፑ በሚያገኘው ኃይል ይሠራል። ከዴስክቶፕ የሚወጣው ባለ3.5 ኢንች ግን የዩኤስቢ ኃይል ስለማያነሣው ከራሱ የኤሌክትሪክ አስማሚ ጋር የሚሸጥ ኬዝ ያስፈልገዋል።