ኮንታክተር ላይ የሚጻፈው «ኤሲ 3» ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ እንጨት ቤት ያለው ወዳጅ አለኝ። ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔ ይሠራል። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ደረቱን ሲያስጨንቀው ቆይቶ፣ 2 የፈረስ ጉልበት ያለው የሰጋቱራ መምጠጫ ገዛ። ደግ አደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከሚባሉት ነገሮች ጎራ መድቦታል። በዚህ ዕቃ ላይ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም።

ችግሩ የመጣው ከማብሪያው ነው። 30 አምፔር የተጻፈባት ትንሽ ሪሌ አስገጠመ። ጥቂት ሳምንት ሠራች። አንድ ማታ ደወለልኝ። «ማጥፊያውን ተጫንኩት፣ ሞተሩ ግን አልቆም አለኝ» አለ። ብሬከሩን አውርደው አልኩት። በማግስቱ ሪሌዋን ስከፍታት ሁለቱ መገናኛ ነጥቦች እርስ በርስ ተበይደዋል። ሞተሩ የሚስበው 10.5 አምፔር ነው። 30 የተጻፈባት ሪሌ በ10.5 አምፔር ሞተር እንዴት ትበየዳለች?

ሪሌም ኮንታክተርም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያዎች ናቸው፣ አሠራራቸውም አንድ ነው። ውስጣቸው ኮይል፣ ማለትም የተጠመጠመ ሽቦ፣ አለ። ኮይሉ መብራት ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ነጥቦቹን ስቦ ያገናኛል። ሲቋረጥበት ስፕሪንግ ይለያያቸዋል። ኮንታክተር ለከባድ ሥራ የተዘጋጀው ነው። ነጥቦቹ ትልልቅ ናቸው፣ ብልጭታ የሚበርድበት ክፍልም አለው።

አሁን ሁለት ዕቃዎች እናወዳድር። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ሲበራም 16፣ ሲሠራም 16 ነው። የወዳጄ ሞተር 10.5 ብቻ ይስባል። ግን ለማብሪያው የሚከብደው ሞተሩ ነው። ጭነት የያዘ ጋሪ ቆሞ ሲነሳ ፈረሱ ምን ያህል እንደሚታገል አዳማ ውስጥ ያላየ የለም። አንዴ ከተንከባለለ በኋላ ይቀለዋል። ሞተርም ሲነሳ ከመደበኛው 6 እስከ 8 እጥፍ ከረንት ይስባል። 10.5 የነበረው ለቅጽበት ከ60 በላይ ይሆናል። የመምጠጫ ሞተር ደግሞ ከባድ ፋን ስለሚያዞር ይህ ትግል እንደ መሰርሰሪያ ቶሎ አያልቅም፤ ሰከንዶች ይወስዳል።

ነጥቦቹ ሲገናኙ በጣም ለአጭር ጊዜ ይነጥራሉ። ያን ሁሉ ከረንት ተሸክመው ሲነጥሩ ብልጭታ ይነሳል፣ ብረቱ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጣበቃል። የወዳጄ ሪሌ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። 30 የሚለው ቁጥር የተጻፈው ለምጣድ ዓይነት ጭነት ነበር።

ኤሲ 3 የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ኮንታክተር ላይ ከአምፔሩ ጎን የጭነቱ ዓይነት ይጻፋል። ኤሲ 1 እንደ ምጣድና ማሞቂያ ላሉት ነው። ኤሲ 3 ቆሞ ለሚነሳና እየዞረ ለሚጠፋ ተራ ሞተር ነው። ኤሲ 4 የሚባልም አለ፤ ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ነካ እያደረጉ ለሚያስነሱበት ሥራ ነው፣ እኛን አይመለከተንም። አንድ ኮንታክተር ለኤሲ 3 ሥራ 9 አምፔር ሆኖ፣ ያው ዕቃ ለኤሲ 1 ሥራ 20 ወይም 25 ሊጻፍበት ይችላል። ሱቅ ስትገቡ «ስንት አምፔር ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «በኤሲ 3 ስንት ነው?» በሉ። ትንንሽ ሪሌዎች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የሞተር አቅማቸው ለብቻው ካልተጻፈ ለሞተር ባትገዟቸው እመክራለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ አለ። 9 አምፔሩ ኮንታክተር ላይ 4 ኪሎዋት የሚል ታገኛላችሁ። የእኔ ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር 1.5 ኪሎዋት ነው፣ ተርፎም ይበቃል ትላላችሁ። አይበቃም። 4 ኪሎዋቱ በ380 ቮልት ለሚሠራ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር) ሞተር ነው። እንደ ወዳጄ ያለ ባለ 220 ቮልት ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ሞተር ያንኑ ጉልበት ለማውጣት ብዙ አምፔር ይስባል። ስለዚህ ኪሎዋቱን ተዉትና ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ አንብቡ። አምፔሩ እዚያ አለ። ለ10.5 አምፔር በኤሲ 3 ባለ 12 አምፔሩ ኮንታክተር ይበቃል። እኔ ግን 18ቱን አስገዛሁት፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ የሚስበው ይጨምራልና።

ቮልቴጅ መውረዱ ኮይሉንም ይነካል። ኮይል እስከ 85 በመቶ ድረስ አጥብቆ እንዲይዝ ነው የሚሠራው። ለ220ው ይህ 187 ቮልት ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ኮንታክተሩ መንዘር ሊጀምር ይችላል፣ ነጥቦቹም በየንዝረቱ ይቃጠላሉ። ድምፁን ከሰማችሁ ቶሎ አጥፉት። ስትገዙም የኮይሉን ቮልት እዩ። ባለ 24 ኮይል ላይ 220 ከገባ ወዲያው ይቃጠላል።

ኮንታክተርን በጣም የምወድበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በማስነሻና በማቆሚያ ቁልፍ ሲታሰር፣ መብራት ሲሄድ ይለቃል። መብራት ሲመጣ ራሱ አይነሳም፤ ሰው መጥቶ እስኪጫን ይጠብቃል። መብራት ጠፍቶ ሳለ ሰው እጁን አስገብቶ በፋኑ አካባቢ ሲያጸዳ ሞተሩ በድንገት ቢነሳ ምን እንደሚሆን አስቡት። መጋዙንም በዚሁ መንገድ ማሳሰር ተገቢ ነው።

ከኮንታክተሩ ሥር ኦቨርሎድ ይግባለት፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ከረንት ሲስብ የሚያጠፋው ዕቃ ነው። ብሬከር ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፣ ሞተሩን የሚጠብቀው ኦቨርሎድ ነው። የሚስተካከለው ሰሌዳው ላይ ባለው አምፔር ነው። ብዙዎቹ ለስሪ ፌዝ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ለሲንግል ፌዝ ሲሆን ከረንቱ በሦስቱም መስመር ዞሮ እንዲያልፍ ይታሰራል። አለዚያ ያለምክንያት ሊያጠፋ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራላችሁ። ዕቃው ሁሉ ብናኝ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሰጋቱራና ብልጭታ አይስማሙም።

የወዳጄ አዲሱ ኮንታክተር አሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት ሲያስነሳው የመምጠጫ ቱቦውን በር ዘግቶ ነው። ፋኑ ብዙ አየር ስለማይገፋ ሞተሩ ቶሎ ፍጥነቱን ይይዛል። ከዚያ በሩን ይከፍትና ሥራውን ይጀምራል።