ጓንቱን የሰቀለው ሻምፒዮን በቤቱ

2 ሜትር ከ6 ሳንቲ የሚረዝም ሰውዬ መኪናው ላይ የቤት ቆሻሻ ጭኖ ወደ ከተማው መጣያ ይነዳል። ሰውዬው በዚያን ጊዜ የዓለም የከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ነበር። ቆሻሻ የሚያወጣለት ሰው መቅጠር አቅቶት አይደለም። የሚሠራው አጥቶ ነው። «ጡረታ ወጥቻለሁ» ካለ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሎታል።

ታይሰን ፊውሪ ይባላል። ኔትፍሊክስ የእሱንና የቤተሰቡን ኑሮ በ9 ክፍሎች አዘጋጅቶ ኦገስት 16 ቀን 2023 ለቀቀው (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ርዕሱ «አት ሆም ዊዝ ዘ ፊውሪስ» ነው። እኛ «ከፊውሪዎች ቤት» እንበለው። ዓይነቱ ሪያሊቲ ሾው ነው። ካሜራው ሳሎንም ኩሽናም መኪናም ውስጥ ይገባል። ቤተሰቡ ይጨቃጨቃል፣ ይስቃል፣ ይታረቃል። እርግጥ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጥሬውን አይቀርብም። ከተቀረጸው ብዙው ይጣላል፤ የተረፈው ታሪክ እንዲወጣው ተቆራርጦ ይቀጣጠላል። የቤቱ ሰዎችም ካሜራ እንዳለ ያውቃሉ። ይህን ይዞ ማየት ነው።

ፊውሪ በ1988 ማንችስተር ውስጥ ነው የተወለደው። ጊዜው ሳይደርስ በመወለዱ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። አባቱ ጆን ግን ይህ ልጅ ታጋይ ነው ብሎ በዘመኑ ሻምፒዮን በማይክ ታይሰን ስም ሰየመው። ጆን ራሱ ቡጢኛ ነበር። ቤተሰቡ «አይሪሽ ትራቭለርስ» ከሚባሉት ወገን ነው። እነዚህ በአየርላንድና በብሪታንያ ለዘመናት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ ቤት ይዘው ይኖራሉ፤ የራሳቸው ወግና የጋብቻ ሥርዓት ግን አልጠፋም። ያለ ጓንት በባዶ እጅ መቧቀስም በነሱ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። ፊውሪ ራሱን «ጂፕሲ ኪንግ»፣ የጂፕሲዎች ንጉሥ፣ ብሎ የሚጠራው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ስሙ ዓለምን ያዳረሰው በኖቬምበር 2015 ነው። ከ11 ዓመት በላይ ያልተሸነፈውን ሻምፒዮን ቭላድሚር ክሊችኮን ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ ድረስ ሄዶ በነጥብ ረታው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አልጠበቀም። የልጅነት ሕልሙን በእጁ ካስገባ በኋላ ድባቴ ውስጥ ገባ። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ተከተሉ። ክብደቱ ወደ 180 ኪሎ ተጠጋ። ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ ደርሶ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ወደ ቀለበቱ የተመለሰው በ2018 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ላይ ከአሜሪካዊው ሻምፒዮን ከዲዮንቴ ዋይልደር ጋር ሲገናኝ በ12ኛው ዙር ተመትቶ በጀርባው ተዘረረ። አለቀለት ሲባል ተነሳ። ግጥሚያው በአቻ ተጠናቀቀ። ዋይልደርን በ2020 እና በ2021 ደግሞ በማያሻማ መንገድ አሸነፈው።

ለሚስቱ የገባው ቃል ከሦስተኛው የዋይልደር ግጥሚያ በኋላ እንዲያቆም ነበር። ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ በአገሩ ሰው ፊት የመቧቀስ ዕድል ሲመጣ ግን አንድ ብቻ፣ የመጨረሻ ብሎ አስፈቀደ። ኤፕሪል 23 ቀን 2022 ወደ 94 ሺህ ሰው በተገኘበት ዲሊያን ዋይትን በ6ኛው ዙር አሸነፈና በቃኝ አለ። ተከታታዩ መሠረቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ ጓንቱን የሰቀለ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ይሆናል?

ተከታታዩ ሲቀረጽ ቤቱ የነበረው ሞርካም ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንክሻየር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት። ባሕሩ ሲሸሽ ዓይን እስኪደክም አሸዋ ብቻ ይታያል። ድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች በእረፍታቸው የሚጎርፉባት መዝናኛ ነበረች። በኋላ ሰዉ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ስፔን መብረር ሲጀምር ቀዘቀዘች። በስንት ሚሊዮን የሚከፈለው ሰው ለንደንን ወይም ላስ ቬጋስን ትቶ እዚህ መኖሩ ለብዙዎች ግር ይል ነበር። እሱ ግን ከተማዋን ይወዳት ነበር፤ ሰዉም ለምዶታል።

አሁን ወደ ፓሪስ እንምጣ። ፓሪስ ስል ከተማዋን አይደለም፤ ሚስቱን ነው። እሷም ከትራቭለር ቤተሰብ ናት። በልጅነታቸው ሰርግ ላይ ተዋውቀው በ2008 ዶንካስተር ውስጥ ተጋቡ። ፕሮግራሙ ላይ የሱ ስም ይጻፍ እንጂ እኔ እስከማየው ድረስ ተከታታዩን የምትሸከመው እሷ ናት። ስድስት ልጅ ታለብሳለች፣ ታበላለች፣ ትቆጣለች። በመሃል ባልየው ድንገት ብድግ ብሎ «እንሂድ» ይላል። የት? አይታወቅም። ጠዋት ያቀደውን ከሰዓት ይሰርዘዋል። እሷ ትስቃለች፣ አንዳንዴም ትሰለቻለች። ስልቹነቷን አለመደበቋ ደስ ይላል። ተከታታዩ ሲወጣ ሰባተኛዋን አርግዛ ነበር፤ ልጁ በሴፕቴምበር 2023 ተወለደ።

የልጆቹ ስም ራሱን የቻለ ወሬ ነው። የወንዶቹ ሁሉ የመጀመሪያ ስም «ፕሪንስ» ነው። ልዑል ማለት ነው። እኛም ዘንድ ልዑል የሚባል ሰው ሞልቷል፤ ግን አንድ ቤት ውስጥ ልዑል፣ ልዑል፣ ልዑል ብሎ መጥራት ሌላ ነገር ነው። የፊውሪ ምክንያት አጭር ነው። እኔ ንጉሥ ነኝ፤ እነሱ የራሳቸውን ማዕረግ እስኪያገኙ ልዑላን ናቸው ይላል።

በዚህ ግን የመጀመሪያው አይደለም። የቀድሞው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን አሜሪካዊው ጆርጅ ፎርማን አምስት ወንድ ልጆች ነበሩት። አምስቱንም ጆርጅ አላቸው። ከመሐመድ አሊና ከጆ ፍሬዘር ያን ሁሉ ቡጢ የቀመሰ ሰው ብዙ ስም ማስታወስ አይችልም እያለ ይቀልድ ነበር። እሱም ቀለበቱን ከተሰናበተ በኋላ በ2008 «ፋሚሊ ፎርማን» የተባለ የቤተሰብ ሪያሊቲ ሾው አሜሪካ ውስጥ ቲቪ ላንድ ላይ ነበረው። ማይክ ታይሰን ደግሞ በ2011 አኒማል ፕላኔት ላይ ከርግቦቹ ጋር ታየ። ርግብ ከልጅነቱ ጀምሮ ፍቅሩ ነው። እንግዲህ ያረጀ ቡጢኛ ቤት ካሜራ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። የፎርማን ግን ሌላ ዓይነት ነበር። እሱ በ45 ዓመቱ ቀበቶውን መልሶ ያገኘ፣ በመጥበሻ ንግድ የከበረ፣ የተረጋጋ አባወራ ነበር። ፊውሪ ጋ መረጋጋት የሚባል ነገር የለም።

ይህ ዝም ብሎ ባሕርይ ብቻ አይደለም። ፊውሪ ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። ተከታታዩ ጠንካራ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ሳቅና ጨዋታ ላይ የነበረ ሰው በሚቀጥለው ትዕይንት ፊቱ ጠቁሮ፣ ዝም ብሎ ይታያል። ምክንያት ፈልገህ አታገኝም። ልምምድ ለሱ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ራሱን የሚያቆምበት ምርኩዝ ነው። ሰዓት ጠብቆ መነሳት፣ መሮጥ፣ ጂም መግባት። ግጥሚያ ሲቀር ይህ ሁሉ አብሮ ይላላል። ቆሻሻ ጭኖ ወደ መጣያ መንዳቱ ያኔ ቀልድ መሆኑ ይቀራል፤ የቀኑ መርሐ ግብር እሱ ነው። ሕመሙ እንዲህ በትልቅ ሰው፣ በጉልበተኛ ሰው ላይ ሲታይ የሚናገረው ነገር አለ። «ወንድ ልጅ አይከፋውም» ለሚል ሰው ሁለት ሦስቱን ክፍል ማሳየት ነው።

ዘመድ አዝማድም ይመጣል። አባቱ ጆን ቁጣውንም ቀልዱንም በአንድ ትንፋሽ ያወጣል። የአባቱ ልጅ ቶሚም አለ። ቶሚ ቡጢኛ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን መጀመሪያ የታወቀው በ2019 «ላቭ አይላንድ» በተባለው የፍቅረኛ ፍለጋ ሪያሊቲ ሾው ነው። ከፍቅረኛው ከሞሊ-ሜ ሄግ ጋር የተገናኘውም እዚያው ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ሳዑዲ ላይ የዩቲዩቡን ጄክ ፖልን በነጥብ አሸንፏል። ስለ ቶሚ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ወጣቱን ተመልካች ለመሳብ የገባ ይመስለኛል።

ተከታታዩ ብዙ የማይቆይባቸው ነገሮችም አሉ። ፊውሪ በ2015 ስለ ሴቶችና ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በተናገረው ምክንያት ከቢቢሲ የዓመቱ ስፖርተኛ ዕጩዎች ይሰረዝ ብሎ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ፈርሞ ነበር። በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ከተከለከለ መድኃኒት ጋር በተያያዘም ቅጣት ደርሶበታል፤ በ2017 መጨረሻ የተወሰነው የሁለት ዓመት እገዳ ወደ ኋላ ተቆጥሮለት ነው የተመለሰው። ቤቱን የከፈተ ሰው ምን እንደሚታይ ላይ ድምፅ አለው፤ እንግዳ ሲመጣ ያልተነጠፈውን ክፍል ዘግቶ እንደሚቀበል ባለቤት ማለት ነው።

ጡረታውስ? የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ገና ካሜራው ቤቱ እያለ ተናነቀው። መጀመሪያውኑ በቃኝ ብሎም ደብሊውቢሲ የተባለውን የዓለም ቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮንነት ቀበቶ አልመለሰም ነበር። ኦገስት 2022 ላይ በ34ኛ ልደቱ ዳግመኛ ተሰናበተ። ወር እንኳ ሳይቆይ ሌላውን እንግሊዛዊ ቡጢኛ አንቶኒ ጆሹዋን ለግጥሚያ ጠራ። እሱ ሳይሳካ ሲቀር ዲሴምበር 3 ቀን ለንደን ላይ ዴሪክ ቺሶራን ገጥሞ በ10ኛው ዙር አሸነፈ። ፓሪስ የተገረመች አትመስልም።

ተከታታዩ ከወጣ በሁለት ወሩ ሪያድ ላይ ከድብልቅ ፍልሚያ (ኤምኤምኤ) ከመጣው ከፍራንሲስ ንጋኑ ጋር ተፋለመ። ለንጋኑ ያ በሙያ ደረጃ የመጀመሪያ የቦክስ ግጥሚያው ነበር። ያም ሆኖ ፊውሪን በ3ኛው ዙር መሬት ላይ ጣለው። ፊውሪ ያመለጠው ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለሱ ስለ ፈረዱ ነው። በ2024 ደግሞ በዩክሬናዊው ቡጢኛ በኦሌክሳንደር ኡሲክ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ፤ በሜይና በዲሴምበር፣ ሁለቱም ሪያድ ላይ። በጃንዋሪ 2025 አጭር ቪዲዮ ለቆ ጡረታ ወጣሁ አለ። ቪዲዮውን የዘጋው በ18ኛው መቶ ዘመን የነበረውን እንግሊዛዊ ሽፍታ ዲክ ተርፒንን አንስቶ፣ እሱ እንኳ ጭንብል ያደርግ ነበር በማለት ነው። ዳኞቹ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ዘረፉኝ ማለቱ እንደሆነ ብዙዎች ተረዱት። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ዌምብሌይ ላይ ኡሲክን ለሦስተኛ ጊዜ ስለ መግጠም ያወራ ነበር።