«ኦፍላይን» ማለት ባትሪው ሞተ ማለት አይደለም

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጠራል። ከአሜሪካ ነው። ሰውየው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «እናቴ ቤት የገጠምከው ባትሪ ሞቷል፤ ስልኬ ላይ የምከታተልበት አፕ ኦፍላይን ይላል» ይለኛል። ስልኩን ዘግቼ ወደ እናቱ፣ ወደ ኮተቤ እደውላለሁ። «እማማ፣ መብራት አለ?» «የሰፈሩማ ከመሸ ጠፍቷል ልጄ። እኔ ጋ ይኸው ቴሌቪዥን እያየሁ ነው፤ ምነው?» ምንም አልላቸውም። ምን ልበላቸው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሊቲየም ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረውን ሳጥን) መግጠም ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሞላኝ። «ባትሪው ተበላሸ» ብሎ ከሚደውልልኝ ሰው አብዛኛው የተበላሸበት ባትሪው ሳይሆን የዋይፋይ ግንኙነቱ ነው። ይሄም ባልከፋ፤ ሥራዬ ነው። የሚሰለቸኝ ለአሥር ሰው ያስረዳሁት ነገር በአሥራ አንደኛው አፍ እንደ አዲስ መምጣቱ ነው። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«አፑ ኦፍላይን ካለ ባትሪው አይሠራም»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ባትሪውና ኢንቨርተሩ የሚነጋገሩት በሽቦ ነው። በሁለቱ መካከል የኢንተርኔት ገመድ የምትመስል ቀጭን ገመድ አለች። ባትሪው «ይህን ያህል ቀርቶኛል፤ ሙቀቴ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ አትሙላኝ» እያለ ለኢንቨርተሩ የሚነግረው በእሷ በኩል ነው። ቋንቋቸው ካን ወይም አርኤስ 485 ይባላል። መብራት ሲጠፋ ቤቱን ወደ ባትሪ የሚያዞረው ኢንቨርተሩ ራሱ ነው፤ ማንንም አያስፈቅድም፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ብዙዎቹ በ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጨርሱታል። እናንተ «ሄደ!» ብላችሁ ሳትጨርሱ ማለት ነው።

ዋይፋዩ ታዲያ የት ገባ? ከኢንቨርተሩ ሥር የተሰካች ትንሽ ነገር አለች፤ ዶንግል እንላታለን። ሥራዋ ወሬ ማመላለስ ብቻ ነው። ብዙዎቹ በየ5 ደቂቃው የኢንቨርተሩን ቁጥሮች ይለቅሙና በቤቱ ዋይፋይ አድርገው ወደ አምራቹ ሰርቨር ይልካሉ። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ የሚያነበው ከዚያ ሰርቨር ነው እንጂ ከባትሪው አይደለም። መንገዱ ዶንግሏ ላይ ይቆረጥ፣ ራውተሩ ላይ ይቆረጥ፣ የቴሌ መስመር ላይ ይቆረጥ፣ አፑ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ኦፍላይን።

«እሺ፣ ታዲያ ለምንድነው መብራት በጠፋ ቁጥር ኦፍላይን የሚለው?» ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እማማ ቤትም የሆነው ይኸው ነበር። ባትሪ ስንገጥም ቤቱን ሙሉ በባትሪው ላይ አንጭንም። ምጣዱ፣ ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው በቀጥታ ከቆጣሪ ያገኛሉ። አምፖሉ፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና ጥቂት ሶኬቶች ደግሞ በኢንቨርተሩ በኩል ያልፋሉ። ራውተሩ የተሰካበት ሶኬት ከእነዚህ ውስጥ ካልሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ባትሪው ቤቱን ተሸክሞ ይሠራል፤ መሥራቱን የሚናገርለት ግን የለም። ልጁ ሜሪላንድ ተቀምጦ አፑን የሚከፍተው ደግሞ «ሰፈሩ ጨልሟል» የሚል ወሬ ሲሰማ ነው፤ ማለትም ሁልጊዜ በተሳሳተው ሰዓት።

የእማማ ራውተር ኮሪደሩ ላይ ነበር። ዲቫይደር ስቤ ወደ ቴሌቪዥኑ ሶኬት አዛወርኩት፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በወሩ ያው ሰው ያንኑ ቃል ይዞ ደወለ። ሄጄ ሳይ የራውተሩ መሰኪያ ተነቅሎ የእማማ ስልክ ቻርጅ ይደረግበታል። «ያቺ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ስትል ባትሪውን ትጨርሰዋለች ብዬ» አሉኝ። አትጨርሰውም። የቤት ራውተር የሚወስደው ከ10 እስከ 15 ዋት ገደማ ነው። 12 ብንይዝለት በ24 ሰዓት 288 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 5 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ፋይበር ያስገባችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። በአንዳንድ ቤት ፋይበሩ የሚገባባት ሳጥንና ዋይፋይ የሚሰጠው ራውተር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ሁለት መሰኪያም አላቸው። ራውተሩን ባትሪ ላይ አድርጎ ሳጥኗን የረሳ ሰው ስልኩ ላይ ዋይፋዩን ሙሉ ሆኖ ያየዋል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ከዚያ ዶንግሏን ይሰድባል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ቀን ላይ፣ ቤት ውስጥ ምጣድ ባልተጣደበት ሰዓት፣ ከቆጣሪ የሚመጣውን ብሬከር አጥፉና ቤቱን ዙሩ። ራውተሩ እንደበራ ከቆየ፣ አፑም ከ10 ደቂቃ በኋላ አዲስ ቁጥር ካመጣ፣ ጨርሳችኋል። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ደግሞ መጀመሪያ አፑ ላይ የመጨረሻው ቁጥር የመጣበትን ሰዓት እዩ። ቀጥሎ እናታችሁን «አምፖሉ በርቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሦስተኛ ነኝ።

«ኢንተርኔቱ ፈጣን ስላልሆነ ነው»

አይደለም። ዶንግሏ የምትልከው ጥቂት ቁጥር ነው እንጂ ፊልም አይደለም። ለዚህ ብሎ ፓኬጁን ያሳደገ ደንበኛ አለኝ። ልጆቹ በጣም ተደስተዋል፤ ባትሪው ኦፍላይን እንዳለ ነው።

«ስልኬ ያገኘውን ዋይፋይ ኢንቨርተሩ የማያገኘው ተበላሽቶ ነው»

ስልካችሁ ሁለት ጆሮ አለው፤ 2.4 ጊጋኸርዝም 5 ጊጋኸርዝም ይሰማል። የኢንቨርተር ዶንግሎች በአብዛኛው የሚሰሙት 2.4ን ብቻ ነው። አምራቹ ሰስቶ ብቻ አይምሰላችሁ፤ 2.4 ግድግዳን የተሻለ ያልፋል። የዛሬዎቹ ራውተሮች ሁለቱን በአንድ ስም ይሰጣሉ፤ ስልካችሁ በ5 ተገናኝቶ ዶንግሏን ሊያስተዋውቃት ሲሞክር አንዳንዱ አፕ ግራ ይጋባና «አልተሳካም» ይላል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱን ለዩአቸው፤ ለ2.4ቱ ሌላ ስም ስጡት። መለየት ካልፈለጋችሁ እስክትጨርሱ ድረስ 5ቱን አጥፉት። እግረ መንገዳችሁን የደህንነቱን ዓይነትም እዩ። ደብልዩፒኤ 3 (WPA3) ብቻ ተብሎ ከተቀመጠ የቆዩ ዶንግሎች አይገቡም፤ 2ን የሚጨምረውን ምረጡ።

«ሳሎን ውስጥ ሙሉ ነው እኮ!»

ሳሎን ውስጥማ ሙሉ ነው። ባትሪው ያለው ግን ሳሎን ውስጥ አይደለም። እኛ አገር ኢንቨርተር የሚቀመጠው ሰርቪስ ቤት፣ ዘበኛ ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ነው፤ በሩ ላሜራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አጠገቡ 2 ሺህ ሊትር ውሃ የያዘ ታንከር። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፣ ውሃ ደግሞ ይውጠዋል። ፌሮ የተሞላ ሶሌታ ሥር፣ ምድር ቤት ከሆነ ጭራሽ አትልፉ።

ስለዚህ መለካት ያለባችሁ ኢንቨርተሩ አጠገብ ቆማችሁ፣ በሩንም ዘግታችሁ ነው። ሲሠራ የሚውለው በሩ ተዘግቶ ነዋ! የሲግናል መጠን በቁጥር የሚያሳይ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ከዜሮ በታች 60 ዲቢኤም አካባቢ ካለ ጥሩ ነው፤ ከዜሮ በታች 70 ላይ ሥጋት ይጀምራል፤ 80 ከደረሰ ዶንግሏ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ እናንተም ትደውሉልኛላችሁ።

የሲግናል ማራዘሚያ ገዝተው ኢንቨርተሩ ራስጌ የሚሰኩትን ሳላነሳ አላልፍም። ማራዘሚያው ራሱ እዚያ ምንም አይደርሰውም፤ ያልደረሰውን ከየት አምጥቶ ያራዝማል? ቦታው መሃል መንገድ ላይ ነው፤ ሲግናሉ ገና ጥሩ በሆነበት፣ ወደ ሰርቪስ ቤቱ በሚመለከት መስኮት አጠገብ። እሱም ባትሪ በሚያገኝ ሶኬት ላይ ይሁን፤ አለዚያ የእማማ ታሪክ ይደገማል።

ጥቃቅኖቹን በአንድ ትንፋሽ ልጨርሳቸው። ዋይፋዩ ባትሪውን አያሞቀውም። ዶንግሏን መንቀል ባትሪውን ቶሎ አያስሞላም። ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር አይሠራም የሚባለው ውሸት ነው፣ ይሠራል፤ የካርዱ ጥቅል ሲያልቅ ግን ዶንግሏ አትነግራችሁም። የራሱ የመግቢያ ገጽ ያለው የግቢ ዋይፋይ ግን በእርግጥም አይሆንም፤ ዶንግል ገጽ ከፍታ «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን አትችልም።

«ስሙን በአማርኛ ብጽፈው ምን ችግር አለው?»

በመርህ ደረጃ የለውም፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን የዋይፋይ ስም የሚፈቀድለት 32 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ10 ፊደል አታልፉም። ከዚያም በላይ የዶንግሎቹ ማስገቢያ ገጽ የእኛን ፊደል አሳምሮ የሚያነብበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ባዶ ሳጥን ወይም የተመሰቃቀለ ምልክት ያሳያችኋል። የሳሎኑን ዋይፋይ «የእነ አበበ ቤት» በሉት፤ የ2.4ቱን ግን በላቲን ፊደልና በቁጥር አድርጉት። የይለፍ ቃሉ ውስጥም ክፍተትና እንግዳ ምልክት አታስገቡ።

«ራውተር ብቀይርም ባትሪው ራሱ ያገኘዋል»

አያገኘውም። ጎረቤት ዋይፋይ ሰረቀኝ ብላችሁ የይለፍ ቃል ቀይራችሁ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ ሁሉ ላይ አዲሱን አስገብታችኋል፤ ሰርቪስ ቤት ያለችውን ማን አስታወሳት? አዲስ ራውተር የምትገዙ ከሆነ ግን አቋራጭ አለ። የድሮውን ስምና የድሮውን የይለፍ ቃል፣ ትልቁን ትንሹን ፊደል ሳታዛንፉ፣ አዲሱ ላይ ጻፉት። ዶንግሏ መቀየሩንም አታውቅም።

«የዶንግሏ ዋይፋይ ‹ኢንተርኔት የለም› ይላል፤ ተቃጥላለች»

አልተቃጠለችም። በምትገጠምበት ጊዜ የራሷን ትንሽ ዋይፋይ ትዘረጋለች፤ እሱ ለቅንብር ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔት የለውም። ስልካችሁ ግን «ኢንተርኔት የለም» ብሎ በድብቅ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል፤ ቅንብሩም መሃል ላይ ይቋረጣል። ዳታውን አጥፉ፣ እንደገና ሞክሩ። ስትጨርሱ የዚህችን ዋይፋይ የይለፍ ቃልም ቀይሩ፤ ከፋብሪካ 12345678 ሆነው የሚመጡ አሉ። ግቢያችሁን በቁልፍ ዘግታችሁ ይሄን ክፍት መተው ምን ይባላል?

«ግራፉ ፀሐይዋን ሌሊት ያወጣታል»

ሶላርም ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚሉት። አካውንቱን የከፈተው ሜሪላንድ ያለው ልጅ ከሆነ አፑ የሰዓት ክልሉን ከዚያ ይወስዳል፤ የእኛ እኩለ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይታያል። የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ መልሱት፣ አለቀ። ከዚህ የባሰ አንድ ገጥሞኛል። ሰውየው የኢንቨርተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «2፡00» ብሎ ጻፈ፤ ኢንቨርተሩ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው ብሎ አመነው። ሌሊት ከቆጣሪ እንዲሞላ ያዘዘው ባትሪ ጠዋት፣ ሚስቱ እንጀራ ስትጋግር፣ መሙላት ጀመረ። በዋይፋይ አመካኝቶ ሁለት ወር ከረመ።

«ሁሉንም ነገር አጥፍቶ ማብራት ነው መፍትሔው»

እዚህ ላይ አልቀልድም። ዋይፋይ እንቢ ሲል የባትሪውን ብሬከር ጠርቅሞ የሚያጠፋ ሰው አለ። ባለፈው ክረምት አንዱ ቤት፣ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም እየሠራ፣ እንዲሁ አድርጎ ብሬከሩ ጠቁሮ አገኘሁት። ከቆጣሪ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይነካል፤ ሲቋረጥ የሚፈጠረው እሳት ቶሎ የሚሞተው ለዚህ ነው። የባትሪው ኤሌክትሪክ ግን ቀጥተኛ ነው፤ ዜሮን አይነካም። ጭነት ላይ እያለ ስትቆርጡት እሳቱ ብሬከሩ ውስጥ ይጎተታል። ይሄ ሁሉ ለአንዲት ዶንግል!

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ራውተሩን ነቅላችሁ ሰኩትና 3 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቀጥሎ ስልካችሁ በዚያ ዋይፋይ ኢንተርኔት ማግኘቱን እዩ፤ የሞባይል ዳታውን አጥፍታችሁ ታዲያ። ከዚያ ዶንግሏን ብቻ ነቅላችሁ ሰኩ። ቁልፏን ረጅም ጊዜ አትጫኑ፤ በብዙዎቹ ላይ ረጅም መጫን ያስገባችሁትን ስምና የይለፍ ቃል ሁሉ ያጠፋል። 10 ደቂቃ እጃችሁን ሰብስባችሁ ተቀመጡ። ካልመጣ ደውሉልኝ፤ ስትደውሉ የኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ የሚታየውን የባትሪ ፐርሰንት ንገሩኝ እንጂ አፑ ያለውን አትንገሩኝ።