የላፕቶፕ ሲዲና ዲቪዲ ድራይቭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ገና የሚሠራ የዲስክ ድራይቭ «ተበላሽቷል» ተብሎ ሲተው፣ በሲዲና በዲቪዲ ላይ የተቀመጡ የቆዩ ፎቶግራፎችና ሰነዶችም ሳይከፈቱ ይቀራሉ። ለዚህ የሚዳርጉ በርካታ የተለመዱ አስተሳሰቦች ስላሉ አንድ በአንድ ማረሙ ተገቢ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዲስኩን መሳቢያው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል።

እውነታው፦ ይህ የሚሠራው ዲስኩን ከላይ የሚይዝ ማግኔታዊ መያዣ ላለው የዴስክቶፕ ድራይቭ ነው። በላፕቶፕ ስስ ድራይቭ ውስጥ ለእንዲህ ያለ መያዣ ቦታ ስለሌለ፣ ዲስኩን የሚይዙት በመሳቢያው መሃል ባለው ማሽከርከሪያ ላይ የሚገኙ ትንንሽ ጥርሶች ናቸው። ስለዚህ በአንድ እጅ መሳቢያውን ከሥር ደግፎ፣ በሌላው እጅ ጣቶች የዲስኩን ቀዳዳ ዙሪያ «ቀጭ» እስኪል ድረስ መጫን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዲስኩ ተንጋዶ ይሽከረከራል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ይጫራልም። በላፕቶፕ ላይ ዲስኩን የሚያነበው ሌዘር ሌንስ ከመሳቢያው ጋር አብሮ ስለሚወጣ በጣት እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሲዲን የሚጎዳው በሚያብረቀርቀው ፊቱ ላይ ያለ ጭረት ብቻ ነው።

እውነታው፦ እንዲያውም ይበልጥ የሚያሰጋው ጽሑፍ ባለበት ፊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ሌዘሩ የሚያልፍበት ግልጽ ፕላስቲክ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ መረጃው ያለው ግን ከጽሑፉ ሥር፣ በስስ ቅብ ብቻ ተሸፍኖ ነው። ዲቪዲ መረጃውን በሁለት 0.6 ሚሊ ሜትር ንጣፎች መካከል ስለሚይዝ ከላይ በኩል የተሻለ መከላከያ አለው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዲስክ የሚጠረገው ዙሪያውን በማሸት ነው።

እውነታው፦ መረጃው የተጻፈው ከመሃል ወደ ዳር በሚዞር መስመር ላይ ነው። በመስመሩ አቅጣጫ የሚፈጠር ጭረት ተከታታይ መረጃ ስለሚያጠፋ ድራይቩ ስህተቱን ማረም ይሳነዋል፤ መስመሩን የሚያቋርጥ ጭረት ግን በየቦታው ጥቂት ብቻ ስለሚነካ ብዙውን ጊዜ ይታረማል። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ መጥረግ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የዲቪዲ ፊልም ካልከፈተ ድራይቩ ሞቷል።

እውነታው፦ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ አይመጣም። በዲስኩ ላይ ያሉት ፋይሎች ተዘርዝረው ከታዩ ድራይቩ እያነበበ ስለሆነ፣ እንደ ቪኤልሲ ያለ ነፃ ማጫወቻ መጫን ይበቃል። ሲዲ እያነበበ ዲቪዲ የማያነብ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሲዲ የሞገድ ርዝመቱ 780፣ ዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖሜትር በሆነ የተለያየ ሌዘር ስለሚነበቡ አንዱ ሌዘር ሲዳከም ሌላው ሊሠራ ይችላል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ውስጥ የቀረ ዲስክ የሚወጣው ላፕቶፑ ሲፈታ ነው።

እውነታው፦ በመሳቢያ የሚከፈቱ ድራይቮች ፊታቸው ላይ ለዚሁ የተዘጋጀች ጠባብ ቀዳዳ አለቻቸው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ቀጥ የተደረገ የወረቀት መያዣ ሽቦ አስገብቶ ቀስ ብሎ ሲገፋ መሳቢያው ጥቂት ይከፈታል፤ የቀረውን በእጅ መሳብ ይቻላል።